የቤት ቢራን በጠርሙስ ማሸግ፦ ጀማሪ ከምን ይጀምር? (ጎንደር)

ብቅል_በጓሮ፦

ሰላም ለመድረኩ አባላት በሙሉ። ጎንደር፣ ማራኪ አካባቢ ነዋሪ ነኝ። ከገብስ ብቅል የጠመቅሁት 20 ሊትር ያህል ቢራ ክዳን ባለው የፕላስቲክ ባልዲ ውስጥ ተቀምጧል። ብቅሉን በሙቅ ውሃ ዘፍዝፌ ጭማቂውን ካጠለልሁ በኋላ ከሆፕ (እንደ ጌሾ መራራ ጣዕም ከሚሰጠው የቢራ አበባ) ጋር ለአንድ ሰዓት አፍልቼዋለሁ፤ ሲቀዘቅዝም ዘመድ ከውጭ አገር የላከልኝን ደረቅ የቢራ እርሾ ጨምሬበታለሁ። አሁን በክዳኑ ላይ ካለው ማስተንፈሻ አረፋ መውጣቱ ቆሟል፤ አተላውም ከታች ዘቅጧል።

እናቴ ጠላ ስትጠምቅ እያየሁ ስላደግሁ እስከዚህ ድረስ ያለው ሥራ ብዙም አልከበደኝም። ጠላ ግን ከጋኑ እየተቀዳ ይጠጣል እንጂ በቆርኪ ታሽጎ ለሳምንታት ስለማይቀመጥ፣ ከዚህ በኋላ ያለውን ሥራ ከቤት አልተማርሁትም። ባዶ የቢራ ጠርሙሶች ሰብስቤያለሁ፤ ቆርኪና ቆርኪ መግጠሚያም አግኝቻለሁ። ጋዝ እንዲኖረው ስኳር እንደሚጨመርበት አንብቤያለሁ፤ በሌላ በኩል ጠርሙሱ ሊፈነዳ እንደሚችል ያስጠነቀቀኝ ጓደኛ አለ። ምን ያህል ስኳር ልጨምር? ጠርሙሱንስ በምን ላጽዳ? ልጆች ያሉበት ቤት ስለሆነ ከጣዕሙ ይልቅ ደኅንነቱ ያሳስበኛል።

ልኬት_ወዳድ፦

ስለ ስኳሩ ከመነጋገራችን በፊት ቢራው መብላላቱን ጨርሷል ወይስ አልጨረሰም የሚለው ጥያቄ መመለስ አለበት። የማስተንፈሻው ዝምታ ማስረጃ አይሆንም። ክዳኑ በደንብ ካልገጠመ ጋዙ በጎን ይወጣል፤ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ሥራውን ያዘገየ እርሾም ቀን ሙቀት ሲያገኝ ሊቀጥል ይችላል። አስተማማኙ መንገድ በሃይድሮሜትር፣ ማለትም የፈሳሹን ክብደት ከውሃ ጋር እያነጻጸረ የቀረውን ስኳር በሚጠቁም ተንሳፋፊ መለኪያ፣ መለካት ነው፤ ዛሬ ያነበቡትን ቁጥር ከሁለት ወይም ከሦስት ቀን በኋላ እንደገና ሲለኩ ያው ሆኖ ከተገኘ ብቻ ወደ ጠርሙስ ይሄዳሉ።

ይህን ያህል የማጠብቀው ለምን እንደሆነ በቁጥር ላስረዳ። በአንድ ሊትር ቢራ ውስጥ 4 ግራም ስኳር ሲብላላ 2 ግራም ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል፤ ይህ ጋዝ ወደ አየር ቢለቀቅ 1 ሊትር ገደማ ቦታ ይይዛል። ጠማቂዎችም የቢራን ጋዝ የሚለኩት አንድ ሊትር ቢራ ስንት ሊትር ጋዝ ይዟል በማለት ነው። የተለመደው ቢራ ከ2.2 እስከ 2.6 ሊትር ይይዛል፤ ተራ የቢራ ጠርሙስ ደግሞ 3 ከታለፈ በኋላ እምነት አይጣልበትም። በሃይድሮሜትሩ ላይ የምትታየው አንዲት ነጥብ፣ ለምሳሌ ከ1.012 ወደ 1.011 መውረድ፣ በእያንዳንዱ ሊትር ቢራ ላይ ግማሽ ሊትር ያህል ጋዝ ትጨምራለች። ስለዚህ 1.012 ላይ ሳለ ታሽጎ ወደ 1.008 የሚወርድ ቢራ ምንም ስኳር ሳይታከልበት 2 ሊትር ጋዝ ያመነጫል ማለት ነው፤ በላዩ ላይ እርስዎ የሚጨምሩት ስኳርና ቀድሞውኑ በቢራው ውስጥ የቀረው ጋዝ ሲደመር ከ4 ያልፋል። አብዛኛው የጠርሙስ ፍንዳታ የሚመጣው ከዚህ ነው፤ አንድም ያልተጨረሰ ቢራ ታሽጓል፣ አንድም ስኳሩ በግምት ተጨምሯል።

ሲለኩ ናሙናውን ከብርጭቆ ወደ ብርጭቆ ደጋግመው እየገለበጡ ጋዙን ያስወጡ፤ አረፋ መሣሪያው ላይ ተጣብቆ ወደ ላይ ካነሣው የውሸት ቁጥር ያነባሉና። መሣሪያውን አስቀድመው በንጹሕ ውሃ ይፈትኑት፤ በተሠራበት ሙቀት፣ ብዙውን ጊዜ በ20 ዲግሪ፣ 1.000 ማሳየት አለበት። የለኩበትን ናሙና ወደ ባልዲው አይመልሱ፤ ይቅመሱትና ይድፉት።

ብቅል_በጓሮ፦

ስለ ዝርዝር ማብራሪያዎ ከልብ አመሰግናለሁ። ሃይድሮሜትር ግን የለኝም፤ ፒያሳ ባሉት የዕቃ መሸጫዎች ጠይቄ አላገኘሁም። ከአዲስ አበባ አስመጥቼ እስኪደርስ ድረስ ቢራው ባልዲው ውስጥ ቢቆይ ይበላሻል? ያለ መሣሪያው የማውቅበት ሌላ መንገድስ አለ?

ጨዋ_ጠማቂ፦

ክዳኑን ደጋግመው ካልከፈቱት ቢራው ባልዲው ውስጥ ተጨማሪ ሳምንት ወይም ሁለት ሳምንት ቢቆይ አይጎዳም፤ እንዲያውም ይጠራል። ጀማሪን የሚጎዳው መዘግየት ሳይሆን መቸኮል ነው፤ በተለይ በዓል ሲቃረብ።

መሣሪያው እስኪመጣ ድረስ የሚያገለግል አንድ ፍተሻ አለ። ንጹሕ የለስላሳ መጠጥ ፕላስቲክ ጠርሙስ ወስደው ምንም ስኳር ሳይጨምሩ በቢራው ይሙሉት፤ ጎኑን ጨምቀው አየሩን ካስወጡ በኋላ ጎኑ እንደተጨመቀ ክዳኑን ጥብቅ አድርገው ይዝጉት፤ ከዚያም ሞቅ ባለ ቦታ ለአንድ ሳምንት ያህል ያስቀምጡት። ፕላስቲኩ ተነፍቶ እንደ ድንጋይ ከጠነከረ በቢራው ውስጥ እርሾው የሚበላው ስኳር አለ ማለት ስለሆነ ጠርሙስ አይታሰብ። በሟሟው ጋዝ ምክንያት ትንሽ ቀና ብሎ በጣት ሲጫኑት ግን በቀላሉ የሚሰረጉድ ከሆነ ጥሩ ምልክት ነው። ይህ ፍተሻ አላለቀም የሚለውን በደንብ ይነግርዎታል፤ ቁጥር ግን አይሰጥምና ሃይድሮሜትሩን ማስመጣትዎን አይተዉ። እስከዚያው በዚህ ፍተሻ ብቻ ተመርተው የሚያሽጉ ከሆነ መስታወት አይንኩ፤ ሁሉንም በፕላስቲክ ያድርጉት።

የቅዳሜ_ገበያዋ፦

ልጆቼ፣ ጨዋታችሁን በጥሞና አንብቤዋለሁ፤ ግን አንዳንዱ ነገር በዛብኝ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ጠላ ስጠምቅ ኖሬአለሁ። ጋኑን በግራዋ አሽቼ አጥባለሁ፣ በወይራ አጥናለሁ፣ ጥንስሱን ጥዬ፣ ድፍድፉን ደፍድፌ፣ ሲደርስ አጠልላለሁ፤ በዚህ ሁሉ ምንም መለኪያ ነክቼ አላውቅም፤ የፈነዳብኝም ነገር የለም። ይልቅ እኔም አንድ ጥያቄ አለኝ። ለጥር የልጄ ሠርግ ስለሆነ ጠላውን በጨርቅ በደንብ አጣርቼ በቢራ ጠርሙስ ላሽገውና በየጠረጴዛው ላስቀምጠው አስቤአለሁ። እናንተ ለቢራው የምትሉት ለእኔም ጠላ ይሠራል ማለት ነው?

ልኬት_ወዳድ፦

እትዬ፣ እንኳን ደስ ያለዎ፤ ሠርጉ የተባረከ ይሁን። የእርስዎ ጋን ያልፈነዳው ስለማይታሸግ ነው። የጋን ክዳን በጭቃ ቢመረግ እንኳ ጋዙ መውጫ አያጣም፤ ጀሪካንም ሲያብጥ አይተው ክዳኑን ያላሉታል። በመስታወትና በቆርኪ ግን ጋዙ የትም አይሄድም፤ ማበጡን የሚያሳይ ነገርም የለም። የእርስዎን ሙያ ጥያቄ ውስጥ ማስገባቴ እንዳይመስልብኝ፤ ዕቃው ሲለወጥ ሕጉ መለወጡን ለማስረዳት ያህል ነው።

ጠላን በቆርኪ ማሸግን በተመለከተ እባክዎ አያድርጉት። ምክንያቱ ከጥራቱ ጋር አይገናኝም። ብቅል ውስጥ ስታርችን ወደ ስኳር የሚለውጡ ኢንዛይሞች አሉ። የዚህ ወንድማችን ቢራ እርሾ ከመግባቱ በፊት ለአንድ ሰዓት ስለፈላ ኢንዛይሞቹ ሞተዋል፤ እርሾው የሚያገኘው ስኳር የተወሰነ ነው፣ እሱን ሲጨርስ ያቆማል። ጠላ ላይ ግን ቂጣውና እንኩሮው ቢበስሉም ብቅሉ ሳይፈላ ስለሚገባ ኢንዛይሙ በሕይወት አለ። በጨርቅ ቢጣራም ደቃቅ ዱቄት አብሮ ያልፋል፤ ኢንዛይሙ ያንን ዱቄት ቀስ እያለ ወደ ስኳር ይለውጣል፣ እርሾው ደግሞ ስኳሩን ወደ ጋዝ ይለውጣል። ጠላን የሚያጎመዝዙት ባክቴሪያዎችም ሥራቸውን አያቆሙም። በዚህ የተነሣ ዛሬ የረጋ የሚመስል ጠላ ከሳምንት በኋላ የት እንደሚደርስ አስቀድሞ ማስላት አይቻልም። የማይሰላ ነገር ደግሞ መስታወት ውስጥ አይዘጋም።

ለሠርጉ በየጠረጴዛው መቅረቡን ከፈለጉት፣ በዕለቱ ጠዋት ከጋኑ ቀድተው በለስላሳ መጠጥ ፕላስቲኮች ውስጥ ያድርጉት፤ ክዳኑን ሳያጠብቁ በቀዝቃዛ ቦታ ያቆዩትና በዚያው ቀን ይጠጣ።

የቅዳሜ_ገበያዋ፦

አሁን ገባኝ፤ እግዜር ይስጥልኝ። በዕለቱ ቀድቼ በማንቆርቆሪያ አቀርበዋለሁ፤ ጠላ በፕላስቲክ ለሠርግ ማቅረቡን ግን አልወደውም። አንድ ነገር ልጨምር፤ ቢራ ጠማቂው ልጄ ጠርሙሱን በወይራ ቢያጥነውስ?

ቆርኪ_ሰብሳቢ፦

ጭሱ ለጋን መልካም ነው፤ መዓዛውም የጎንደር ጠላ ወግ ነው። በጠባብ የጠርሙስ አንገት በኩል ግን ጥላሸት ከመተው በቀር እምብዛም አይሠራም፤ ከታች የደረቀ አተላ ካለም ጭስ አያነሣውም። ግራዋውም ቅጠሉ አንገቱ ላይ ይቀራል። ስለ ጠርሙስ ከተነሣ ዘንድ ሰፋ አድርጌ ልጻፍ።

እዚህ አገር ተመላሽ የቢራ ጠርሙስ በየቤቱ አለ፤ ዳሽንም እዚሁ ከተማችን ስለሚጠመቅ ባዶው አይጠፋም። ተመላሽ ጠርሙስ ወፍራምና ቆርኪ የሚገጠምለት ስለሆነ ለሥራው ይስማማል፤ ነገር ግን ብዙ ጊዜ በሳጥን እየተጋጨ የተመላለሰ መሆኑን አይርሱ። ወገቡ ላይ ነጭ የመፋተግ ቀለበት የጎላበትን ይተዉት። እያንዳንዱን ወደ ብርሃን አንሥተው ስንጥቅ እንዳለው ይመልከቱ፤ ከንፈሩ ላይ ጨርቅ አዙረው ይዳብሱ፤ ጨርቁን የሚይዝ ሸራፋ ካለ ይጣል፤ ቆርኪው አይገጥምለትም፤ ሲገጠም ደግሞ መስታወት ወደ ውስጥ ሊረግፍ ይችላል። የወይን፣ የአረቄና የውስኪ ጠርሙሶች ለግፊት አልተሠሩም፤ አራት ማዕዘን የሆነ ጠርሙስማ ከቶ አይነካም። የሻምፓኝ ጠርሙስ ጥንካሬው ከሁሉም ይበልጣል፤ ሆኖም አፉ ብዙውን ጊዜ ለተለመደው ቆርኪ ይሰፋል።

ጠርሙሱ ከየት እንደመጣ ይጠይቁ። ከቆራሌው ወይም ከገበያ የተገዛ ባዶ ጠርሙስ በመካከሉ ነጭ ጋዝ ወይም የተባይ ማጥፊያ ተቀምጦበት ሊሆን ይችላል። የነጭ ጋዝ ሽታ ታጥቦ አይለቅም፤ የተባይ ማጥፊያው ደግሞ ላይሸት ይችላል። እኔ ከማውቀው ሰው ቤት ወይም ከመጠጥ ቤት ሳጥን በቀጥታ ካልወጣ በቀር አልወስድም።

ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያሽግ ሰው ግማሹን በፕላስቲክ ቢያደርገው ብልህነት ነው። ታቹ አምስት እግር ያለው የለስላሳ መጠጥ ፕላስቲክ ለጋዝ ግፊት ታስቦ የተሠራ ነው። ጋዝ የሌለው ውሃ የሚሸጥበት ስስ ሃይላንድ ግን ለዚህ አይሆንም። ፕላስቲክ ቀስ በቀስ አየር ስለሚያስገባ ቢራውን ከሁለትና ሦስት ወር በላይ አያቆዩበት፤ ጥቅሙ ግን በእጅ ጨምቀው ውስጡ ምን እየሆነ እንዳለ ማወቅዎ ነው። ቢበዛበትም ይሰነጠቃል እንጂ ስባሪ አይረጭም።

ብቅል_በጓሮ፦

ጽዳቱን በተመለከተ የቤታችን ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ የምንጠቀመው ከሮቶ ነው። ጠርሙሶቹን በበረኪና ላጥባቸው አስቤ ነበር፤ ሽታው እንዳይቀር ደግሞ በአቼቶ ማለቅለቅ ይቻላል ያለኝ ሰው አለ።

ጨዋ_ጠማቂ፦

በረኪናና አቼቶን ፈጽሞ አያገናኙ። በረኪና ከአቼቶ፣ ከሎሚ ወይም ከማንኛውም ኮምጣጣ ነገር ጋር ሲገናኝ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል፤ በተዘጋ ወጥ ቤት ውስጥ ሳንባን ይጎዳል። አሞኒያ ካለበት የጽዳት ፈሳሽ ጋርም እንዲሁ አደገኛ ነው።

ማጽዳትና ከጀርም ነጻ ማድረግ ሁለት ሥራዎች ናቸው። መጀመሪያ በጠርሙስ ብሩሽና በሙቅ ውሃ የሚታየው ቆሻሻ በሙሉ ይወገድ፤ የደረቀ አተላ ያለበት ጠርሙስ በምንም ነገር ቢነከር አይጸዳም። ከዚያ በኋላ ሽታ ያልተጨመረበት በረኪና አንድ የሾርባ ማንኪያ በ4 ሊትር ውሃ አቅጥነው ጠርሙሶቹን ለ20 ደቂቃ ይንከሩ፤ መጨረሻም አፍልተው ባቀዘቀዙት ውሃ ሽታው እስኪጠፋ ድረስ ያለቅልቁ። የሮቶ ውሃ ሳይፈላ ለማለቅለቂያ ከዋለ የመንከሩ ድካም ከንቱ ነው።

በረኪና የማይፈልጉ ከሆነ ጠርሙሶቹን በቀዝቃዛ ውሃ በተሞላ ትልቅ ድስት ውስጥ ጥደው ቀስ በቀስ እንዲፈላ ማድረግና ለ15 ደቂቃ ያህል ማቆየት ይቻላል። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ውሃ በ93 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ለዚህ ሥራ ግን ይበቃል። የፈላ ውሃ በቀዝቃዛ ጠርሙስ ውስጥ መገልበጥ ግን መስታወቱን ያሰነጥቃል፤ ስንጥቁም ወዲያው ላይታይ ይችላል። የመቅጃውን ጎማ አይርሱት፤ አሮጌ ጎማ ውስጡ ስለማይታይ አዲስ ይግዙ።

ልኬት_ወዳድ፦

አሁን ወደ ስኳሩ እንምጣ። በሊትር 6 ግራም ተራ ስኳር ይጠቀሙ፤ ለጀማሪ ከዚያ በላይ አልመክርም። ልብ በሉ፣ የሚሰላው በባልዲው ላይ በተጻፈው 20 ሊትር አይደለም። አተላው ከታች ሲቀር ምናልባት 18 ሊትር ንጹሕ ቢራ ያገኛሉ፤ ስኳሩም 108 ግራም ይሆናል። በሚዛን ይመዝኑ። ሚዛን ከሌለ ሰፈር ያለ ባለሱቅ ይመዝንልዎታል፤ በማንኪያ መገመት ከሚያስከትለው አንጻር ውለታው ትንሽ ነው።

ስኳሩን በሁለት ብርጭቆ ውሃ ለጥቂት ደቂቃዎች አፍልተው ያቀዝቅዙት፤ በንጹሕ ሁለተኛ ባልዲ ውስጥ ይጨምሩት፤ ቢራውን ደግሞ በጎማ ከአተላው በላይ ቀስ ብለው በላዩ ላይ ያውርዱት። ጎማውን በአፍ መሳብ የተለመደ ቢሆንም የአፍ ባክቴሪያ አብሮ ይገባል፤ አፍልተው ባቀዘቀዙት ውሃ ሞልተው ያስጀምሩት። የጎማው ጫፍ ባልዲው ታች ይድረስ እንጂ ቢራው ከላይ አይንጫረር፤ አየር ከገባበት በኋላ የእርጥብ ካርቶን ጣዕም ያመጣል። በተፈላ ማንኪያ ረጋ አድርገው ያማስሉ፤ ስኳሩ እኩል ካልተዳረሰ የመጀመሪያዎቹ ጠርሙሶች ጋዝ አልባ ሲሆኑ የመጨረሻዎቹ ቦምብ ይሆናሉ። በጠርሙሱ አንገት ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ባዶ ይተዉ፤ እስከ አፉ መሙላት አይገባም።

በየጠርሙሱ ስኳር መጨመር የሚመርጡ አሉ። ለ33 ሳንቲ ሊትር ጠርሙስ የሚያስፈልገው 2 ግራም፣ ማለትም ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ግማሽ ነው። ማንኪያው ከፍ ብሎ ከተሞላ ግን ሦስት እጥፍ ይደርሳል፤ ሃምሳ ከሚሆኑ ጠርሙሶች በአንዱ ላይ እጅ መሳቱ አይቀርም። ስለዚህ በባልዲው መቀላቀሉ ይሻላል። ማርም አይጠቀሙ፤ የውሃው መጠን ከማር ማር ስለሚለያይ ልኩ አይታወቅም።

ከፍታ_2100፦

በመጽሐፍ የሚገኙት የስኳር ሠንጠረዦች ብዙውን ጊዜ ባሕር ጠለል ላይ ላለ ጠማቂ የተሠሩ ናቸው። ተብላልቶ የጨረሰ ቢራ በውስጡ የሚያስቀረው ጋዝ በአካባቢው የአየር ግፊት ልክ ስለሆነና የጎንደር የአየር ግፊት ከባሕር ጠለሉ በሩብ ገደማ ስለሚያንስ፣ የእኛ ቢራ የሚያስቀረው ጋዝም በዚያው ልክ ያንሳል። በ20 ዲግሪ እነሱ በሊትር ቢራ 0.85 ሊትር ጋዝ ብለው ሲነሡ እኛ ከ0.65 እንነሣለን። ልዩነቱ ወደ ስኳር ሲመነዘር በሊትር 1 ግራም አይሞላም። ስለዚህ ልኬት_ወዳድ በሰጡት 6 ግራም 2.2 ገደማ ላይ ይደርሳሉ፤ ከአደጋው ወሰን በብዙ ይርቃል። ጨምሩ ለማለት አልጻፍሁትም፤ ጋዙ ጥቂት ቢያንስባችሁ ምክንያቱ የእርሾው ሞት እንዳልሆነ እንድታውቁ ብዬ ነው።

ብርጭቆ_ሙሉ፦

እስካሁን የቀረበው ሁሉ ጥሩ ነው። ለኔ ግን ቀላሉ መፍትሔ ፋብሪካዎች እንደሚያደርጉት የታሸገውን ጠርሙስ በ60 ዲግሪ ውሃ ውስጥ አስቀምጦ እርሾውን መግደል ነው። እርሾው ከሞተ ጋዙ አይጨምርም፤ ፍንዳታም አይኖርም።

ልኬት_ወዳድ፦

ሐሳቡ በወረቀት ላይ ትክክል ነው፤ ጋዝ የያዘ ጠርሙስ ማሞቅ ግን በዚህ ውይይት ከተነሣው ሁሉ አደገኛው ሥራ ነው። ጋዝ በሙቅ ፈሳሽ ውስጥ መሟሟቱን ይተዋል። በ20 ዲግሪ ልከኛ የነበረ ግፊት በ60 ዲግሪ ከእጥፍ በላይ ይሆናል፤ ጠርሙሱም ድስቱ ውስጥ እያለ ፊት ለፊትዎ ሊፈነዳ ይችላል። ፋብሪካ ሙቀቱን ደረጃ በደረጃ በሚያስተካክል ዝግ ማሽን ውስጥ ያሳልፈዋል፤ ጠርሙስ ቢሰበርም አጠገቡ ቆሞ የሚያማስል ሰው የለም። በቤት ይህን አትሞክሩ።

ብቅል_በጓሮ፦

በምክራችሁ መሠረት ሃይድሮሜትሩ እስኪደርስ ጠብቄ ለካሁ፤ በሦስት ቀን ልዩነት ሁለቱም ጊዜ 1.010 ላይ ቆሟል። ስኳሩን መዝኜ ቢራውን አሽጌዋለሁ፤ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን በፕላስቲክ፣ የቀረውን በመስታወት አድርጌ በቢራ ሳጥን ደርድሬ፣ በላዩ ላይ ወፍራም ብርድ ልብስ አልብሼ ልጆች የማይደርሱበት ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፌበታለሁ። አሁን ጥቂት ቀናት አልፈዋል፤ ሁለቱም ፕላስቲኮች ጠንከር ማለት ጀምረዋል። ልደንግጥ?

ጨዋ_ጠማቂ፦

አይደንግጡ፤ እንዲሆን የሚፈለገው ይኸው ነው። ሁለቱ እኩል መጠንከራቸው ስኳሩ በደንብ መዳረሱን ያሳያል። የክፍሉ ሙቀት ከ18 እስከ 24 ዲግሪ ከሆነ በሁለትና በሦስት ሳምንት ውስጥ ይደርሳል። ከሳምንት በኋላ አንድ ፕላስቲክና አንድ መስታወት ለአንድ ሌሊት ማቀዝቀዣ ውስጥ አሳድረው ይክፈቱ፤ ከዚያ በየሳምንቱ አንድ አንድ እየከፈቱ ይከታተሉ። ጋዙ በመጀመሪያ ልከኛ ሆኖ ከወር በኋላ ሲከፈት እየገነፈለ የሚመጣ ከሆነና ጣዕሙ ከጎመዘዘ፣ የዱር እርሾ ወይም ባክቴሪያ ገብቶበታል ማለት ነው፤ እንዲህ ያለው ቢራ በጊዜ ብዛት እየባሰበት ይሄዳል እንጂ አይሻሻልም።

ያ ከደረሰ ጠርሙሶቹን በባዶ እጅ አንሥቶ መሸከም ክልክል ነው። መከላከያ መነጽር፣ ወፍራም ጓንትና እጀ ረጅም ልብስ ለብሰው፣ የሚቻል ከሆነ ሳጥኑን ሳያናውጡ እንዳለ ወደ ቀዝቃዛ ቦታ ይውሰዱት፤ ሲቀዘቅዝ ግፊቱ ይወርዳል። ከዚያ እያንዳንዱን በወፍራም ፎጣ ጠቅልለው፣ አፉን ከፊትዎ አዙረው፣ ቆርኪውን ቀስ ብለው ያላሉት። አንድ ጠርሙስ በራሱ ከፈነዳ ደግሞ ቀሪዎቹም በዚያው መንገድ ላይ ስለሆኑ፣ ቢያንስ እስኪቀዘቅዙ ድረስ ማንም ክፍሉ ውስጥ አይግባ። ለማቀዝቀዝ ቸኩለው በረዶ ቤቱ ውስጥ አያስገቡት፤ ውሃ ሲረጋ 9 በመቶ ያህል ስለሚሰፋ ያ ራሱ ጠርሙሱን ይሰብረዋል።

ብቅል_በጓሮ፦

እጅግ አመሰግናለሁ። የመጨረሻ ጥያቄ፤ መብራት ሲጠፋ ማቀዝቀዣው ለረጅም ሰዓት ስለሚቆም በውስጡ ያሉት ጠርሙሶች ተመልሰው ቢሞቁ ችግር ይፈጠራል? መተማ ያለው የአጎቴ ልጅም አንድ ሳጥን በአውቶቡስ እንድልክለት ጠይቆኛል።

ልኬት_ወዳድ፦

ስኳሩን ስለመዘኑና መብላላቱ ማለቁን ስላረጋገጡ፣ ማቀዝቀዣው ቆሞ ቢራው ወደ ክፍሉ ሙቀት ቢመለስ አያሰጋም፤ ጠርሙሱ ሲሞላም በዚያው ሙቀት ላይ ነበር። በማቀዝቀዣ ብርድ ብቻ የተያዘ፣ ያላለቀ ቢራ ቢሆን ኖሮ ግን መልሴ ሌላ ይሆን ነበር።

መተማን በተመለከተ፣ ሞቃት ቆላ ስለሆነ በመስታወት አይላኩለት። ከ20 ወደ 35 ዲግሪ ሲወጣ በጠርሙሱ ውስጥ ያለው ግፊት በግማሽ ያህል ይጨምራል፤ ፀሐይ ላይ በቆመ አውቶቡስ ጣሪያ ላይ ደግሞ ሙቀቱ 35 ላይ አይቆምም፤ መንገዱም ይንጣል፣ ዕቃውንም የሚያወርደው ሰው ውስጡ ምን እንዳለ አያውቅም። በፕላስቲክ ያሉትን ቀዝቅዘው ሳሉ በብዙ ጋዜጣ ጠቅልለው፣ የሚያውቁት ሰው አውቶቡሱ ውስጥ ከእግሩ ሥር ይዞላቸው ቢሄድ ይደርሳሉ። የመስታወቱን የአጎትዎ ልጅ ለጥምቀት ጎንደር ሲመጣ ይጠጣው።